ሮም ተቀምጦ ለኢትዮጵያዊት ሚስቱ ደብዳቤ የጻፈው ሰው፦ ስለ ናዚም ሂክመት እናውራ

ወንድዬ_6ኪሎ | ሰኞ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ዕለት አራት ኪሎ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣሁ መጽሐፍ አዟሪ መጣ። እስከ አገጩ ከተሸከመው ክምር መሃል ሽፋኑ የተላጠ የእንግሊዝኛ ግጥም መድበል መዘዝኩ። የቱርኩ ናዚም ሂክመት ነው። ስሙን እሰማ ነበር እንጂ አንብቤው አላውቅም። ገለጥ ሳደርገው «ለታራንታ ባቡ የተጻፉ ደብዳቤዎች» የሚል ላይ ዓይኔ አረፈ። ቡናዬ እዚያው ቀዘቀዘ።

ደብዳቤ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው። ሮም ነው ያለው። ታራንታ ባቡ ሚስቱ ናት፤ አገር ቤት ቀርታለች። ዘመኑ 1935 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። ሙሶሊኒ ሊወረን ወታደር በመርከብ እያጓጓዘ ነው። የኛ ሰው እዚያው አውሬው አፍ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለሚስቱ ይጽፋል።

አነሳሱ እንዲህ ነው። አንድ ጣልያናዊ ሮም ውስጥ ክፍል ይከራያል። ከሱ በፊት እዚያ ክፍል የኖረው ኢትዮጵያዊ ወጣት ያልላካቸው ደብዳቤዎች ያገኛል። ተርጉሞ ኢስታንቡል ላለው ገጣሚ ወዳጁ ይልክለታል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ የናዚም ፈጠራ ነው። ግን ሰውየው መጽሐፉን ያሳተመው በዚያው በ1935፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ሌላው ዓለም ዳር ቆሞ ሲያይ፣ አንድ ቱርክ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ጻፈ።

አንዱ ግጥም ላይ እየመጡ ነው ይላታል። ሊገድሉሽ ነው የሚመጡት፤ አንቺንም ፍየሎችሽንም። አንቺ አታውቂያቸው፣ እነሱ አያውቁሽ። ፍየሎችሽም የማንንም አጥር ዘለው አልገቡ።

እዚህች አጥር ላይ ቆምኩ። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። ጠብ የሚነሳው እንዲህ ነው፤ ከብት አጥር ጥሶ ማሳ ሲገባ። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ይታረቃሉ። እዚህ ግን ሽማግሌ የሚቀመጥበት በደል እንኳ የለም። አገራችንን ያላየ ሰው ይቺን ከየት አመጣት?

አያቴ ማይጨው ዘምቷል። ለዚህ ነው መሰለኝ ሌሊቱን ያልተኛሁት። ስለዚህ ሰው የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ሰናይት_ኢስታንቡል | ሰኞ ማታ 4፡05

ወንድዬ፣ አንጀቴን ነው ያገኘኸው! ዘጠኝ ዓመቴ ነው እዚህ። ቱርክኛ የተማርኩት በናዚም ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ትውልዱ ሰሎኒካ ነው፤ ዛሬ ግሪክ ውስጥ ያለችው ከተማ። 1902 ነው ልደቱ የሚባለው። ከትልቅ ቤት ነው። አያቱ ፓሻ ነበሩ፣ እሳቸውም ግጥም ይጽፋሉ። እናቱ ጀሊሌ ሃኒም ሠዓሊ ነች። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ፖላንዳዊ፣ አንዱ ጀርመን ተወላጅ ናቸው። የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገብቶ በሕመም ምክንያት ተሰናበተ። በ1921 መጀመሪያ፣ ኢስታንቡል በውጭ ጦር ተይዛ ሳለች፣ ከጓደኛው ከቫላ ኑረዲን ጋር ሾልኮ ወደ አናቶሊያ ሄደ። አንካራ ላይ ከሙስጠፋ ከማል፣ በኋላ አታቱርክ ከተባለው መሪ፣ ጋር አገናኟቸው። ሰውየው ዓላማ ያለው ግጥም ጻፉ ብሎ መከራቸው ይባላል። ቦሉ በምትባል ከተማ ትንሽ አስተማሩ፤ ከዚያ ባቱሚ፣ ከዚያ ሞስኮ።

ለኔ ትልቁ ነገር ሞስኮ ሲሄድ ባቡር ላይ የሆነው ነው። ሩሲያ በረሃብ ታልቅ ነበር። በመስኮት የሚያየው የተራበ ሰው ነው። ሊጽፍ ሲነሳ የለመደው የቱርክኛ ግጥም ልኬት አልበቃ አለው። ያ ልኬት ቀለም እየተቆጠረ ነው የሚሄደው፣ ልክ እንደኛ ወል ቤት። ባቱሚ ላይ በጋዜጣ ያየው አንድ የሩሲያ ግጥም ትዝ አለው። ሩሲያኛ አያውቅም፤ ያየው መልኩን ብቻ ነው። ስንኙ እንደ ደረጃ እየተሰበረ ይወርዳል። እሱም ሰበረው። «የተራቡት ዓይን ብሌን» የሚለው ግጥም እንደዚያ ተወለደ፤ የቱርክ ዘመናዊ ግጥምም መንገዱ ተቀየረ።

በ1929 «835 መስመር» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ። በማግስቱ ዓመት ኮሎምቢያ የሚባለው ኩባንያ ግጥሞቹን በራሱ ድምፅ በሸክላ ቀረጻቸው። ቡና ቤት ውስጥ ሰው ዘፈን እንደሚያስመርጥ የናዚምን ግጥም ያስመርጥ ነበር። አስቡት እስኪ፣ ግጥም በሸክላ!

---

ትርሲት_መ | ማክሰኞ ጠዋት 3፡15

ወንድዬ አመሰግናለሁ፣ ይሄን መጽሐፍ ጭራሽ አላውቀውም ነበር። ሌሊት ፈልጌ የተወሰነውን አነበብኩ። ልቤን የነካውም፣ ደስ ያላለኝም አለ። ሁለቱንም ልናገር።

ታራንታ ባቡ የሰውየው ሦስተኛ ሚስት ናት። ስሟ ራሱ የኛ ስም አይመስልም፤ እኔ የማውቀው አንድም ብሔር እንዲህ ብሎ ሴት ልጅ አያወጣም። ፍየል ጠባቂ፣ ራቁት ተፈጥሮ፣ ሙቀት። ያኔ አውሮፓ ውስጥ አፍሪካ የምትሳልበት ሥዕል እሱም እጅ ላይ ገብቷል። በ1935 አዲስ አበባ ጋዜጣ የሚታተምባት፣ ባቡር የሚገባባት፣ ጉባዔ ላይ ቆሞ የሚሟገት መንግሥት ያለባት ከተማ ነች። ይሄ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ወዳጅም ቢሆን ሳያውቀን ነው የሳለን።

---

ወንድዬ_6ኪሎ | ማክሰኞ ጠዋት 4፡30

ትርሲት፣ እውነትሽን ነው። ሦስተኛ ሚስት የሚለው ላይ እኔም ደንግጫለሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በይ። መጽሐፉ ስለ ኢትዮጵያ ብዙም አያወራም። የሚያወራው ስለ ሮም ነው። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ፣ ሥራ አጡ፣ የጋዜጣ ቁርጥራጩ፣ ቁጥሩ፣ ሁሉም የጣልያን ገበና ነው። ኢትዮጵያዊውን ያደረገው ዓይን ነው። ያኔ ፈረንጅ ነበር አፍሪካ መጥቶ አይቶ የሚጽፈው። ናዚም ገልብጦ አፍሪካዊውን ሮም አስገባና ምን አየህ አለው።

ያየውንም እንዲህ ይላታል፤ ሙሶሊኒ ወሬ ያበዛል። ጨለማ ውስጥ ብቻውን እንደተጣለ ሕፃን እየጮኸ ያወራል። ብዙ የሚያወራው ብዙ ስለሚፈራ ነው።

ይሄን የጻፈው ያ ሰው በረንዳ ላይ ወጥቶ በመቶ ሺህ ሕዝብ ሲጨበጨብለት ነው።

---

የሐረሩ_ታሪክ_ወዳድ | ማክሰኞ ከሰዓት 8፡50

ሰላም ለሁላችሁ። ቱርክ ለምን ጉዳዩ ሆነባት ለሚል ሰው ትንሽ ታሪክ ልጨምር።

ጣልያን ከ1912 ጀምሮ ከቱርክ ጠረፍ አፍንጫ ሥር ያሉትን የዶዴካኔዝ ደሴቶች ይዛ ነበር። ሙሶሊኒ ዓይኑ አፍሪካና እስያ ላይ ነው ብሎ ሲናገር ቱርኮች እኛንም ማለቱ ነው ብለው ነው የሰሙት። በመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ሲጣል ቱርክም ተሳትፋለች። እንግዲህ ናዚም የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ነው የጮኸው።

ደግሞ ሌላ ቱርክ አለ። ወሂብ ፓሻ። የቀድሞ የኦቶማን ጄኔራል ናቸው፤ በዚያው ዓመት ኦጋዴን መጥተው የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል የጦር አማካሪ ሆነው ምሽግ አስቆፈሩ። በመጨረሻ ግራዚያኒ ምሽጉን ሰብሮ አልፏል። እዚህ ሐረር ሽማግሌ ስለሳቸው ሲያወራ ሰምቼ አውቃለሁ። ስለ ገጣሚው ግን የሚያወራ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ከአንድ አገር አንዱ አካፋ ይዞ፣ አንዱ ብዕር ይዞ ከኛ ጋር ቆሙ።

---

ሰናይት_ኢስታንቡል | ማክሰኞ ማታ 3፡30

የወሂብ ፓሻን አላውቅም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ እስሩ ልውሰዳችሁ፤ እኔ ናዚምን የወደድኩት እዚያ ነው። ከታራንታ ባቡ በኋላ አንድ መጽሐፍ በ1936 ወጣለት። ከዚያ እስኪሞት ድረስ አገሩ ላይ በስሙ አንድም መጽሐፍ አልታተመለትም። በ1938 ያዙት። የጦር ትምህርት ቤት ልጆችና መርከበኞች ግጥምህን ሲያነቡ ተገኝተዋል፣ ሠራዊቱን ለአመፅ አነሳስተሃል ተባለ። በሁለት ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀርቦ ድምሩ 28 ዓመት ከ4 ወር ተፈረደበት። ግጥሞቹ እኮ መጽሐፍ ቤት በግልጽ የተሸጡ ናቸው!

ኢስታንቡል፣ ቻንኪሪ፣ ከዚያ ቡርሳ ታሰረ። ቡርሳ እስር ቤት ውስጥ ሽመና ይሠራ ነበር፤ ለሚስቱ ለፒራዬ ሳንቲም ለመላክ። ገጣሚ ሆኖ መወርወሪያ ይዞ ቁጭ። እዚያው አንድ ወጣት እስረኛ ግጥም ጽፎ አሳየው። ናዚም ሳያባብል ግጥምህ አይሆንም፣ ዝርው ጻፍ አለው። ያ ልጅ ኦርሃን ከማል ነው፤ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ልቦለዱን የማያውቀው የለም። ባላባን የሚባል የገበሬ ልጅ ደግሞ ነበር። ቀለምና ብሩሽ ሰጥቶ ሥዕል አስተማረው፣ ትልቅ ሠዓሊ ወጣው።

በዚያው እስር «የአገሬ ሰዎች ገጽታ» የሚለውን ጀመረ። 17 ሺህ መስመር ገደማ ነው። የሚጀምረው ሃይዳርፓሻ ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ነው፤ 1941፣ ጸደይ፣ ከሰዓት በኋላ። ሥራ የሌለው ሰው፣ በሰንሰለት የታሰረ እስረኛ፣ ወታደር፣ ሁሉም ባቡር ይሳፈራል። እኔ ሥራ ስሄድ በካዲኮይ ጀልባ ነው። ጣቢያው ከነደረጃው ውኃው ዳር ይታየኛል። አንድ ቀን ሳላየው አልፌ አላውቅም።

ግን አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ። በ1945 ማታ ማታ፣ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለፒራዬ ብቻ ይጽፍ ነበር። አንደኛው ላይ ስምሽን በእጅ ሰዓቴ ማሰሪያ ላይ በጥፍሬ ቆረቆርኩት ይላታል። ያለሁበት ቦታ ስለት ያለው ነገር አይሰጡንም። ግንዱ ላይ ስም የሚጻፍበት ዛፍም የለም። ያለው ጥፍርና ቆዳ ነው። እስኪ የሰዓታችሁን ማሰሪያ በጥፍራችሁ ሞክሩት። ስድስት ፊደል ላቲን ሳይሆን ሦስት የኛ ፊደል እንኳ ለመጻፍ ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባችሁ ታያላችሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ። አንድ «ፒ» ሳልጨርስ ጥፍሬ ተሰበረ።

---

ትርሲት_መ | ማክሰኞ ማታ 4፡10

ሰናይት አስለቀሽኝ። ግን የፒራዬን መጨረሻም ንገሪያቸው። አሥራ ምናምን ዓመት ስንቅ አቀበለች፣ ደብዳቤውን ጠበቀች፣ ግጥሙን ደበቀች። እሱ ግን ሊፈታ ሲል የአጎቱን ልጅ ሙኔቨርን ወደደ። ለፒራዬም ራሱ ነገራት። እሷ ወረቀቶቹን አላቃጠለችም። አስቀመጠቻቸው። ዛሬ የምናነበው የዚያን ዘመን ግጥም በርሷ እጅ ያለፈ ነው። ስለሱ ሲወራ ስለሷም ይወራ።

---

ሰናይት_ኢስታንቡል | ማክሰኞ ማታ 4፡25

ልክ ነሽ ትርሲትዬ። እኔም በዚህ ነገር አልታረቅኩትም። እዚህ ሴቶች ጓደኞቼም እንደዚያው ናቸው። ናዚምን እያነበቡ ለፒራዬ ያዝናሉ።

---

ሞስኮ_77 | ረቡዕ ጠዋት 2፡00

ልጆች እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ በ1977 ነው ለትምህርት ሞስኮ የሄድኩት። የቋንቋ አስተማሪያችን አንድ እሑድ ኖቮዴቪቺ መቃብር ወሰዱን። ጥቁር ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ነፋስ እየገፋ ሲሄድ ተቀርጿል። ቱርክ ገጣሚ ነው አሉን። እግሩ ሥር ካርኔሽን አበባ ነበር፤ በረዶ ሸፍኖት ቀዩ ብቻ ይታያል። ያኔ ማን መሆኑን አላወቅኩም። በኋላ ነው አንብቤ የገባኝ።

እዚያ እንዴት እንደደረሰ ልንገራችሁ። በ1949 ፓሪስ ላይ እነ ሠዓሊው ፒካሶ፣ ፈላስፋው ሳርትር፣ ገጣሚው ትዛራ ይፈታ ብለው ተነሱ። በ1950 ጸደይ እሱ ራሱ የረሃብ አድማ መታ፤ ልቡ ታሞ ሳለ። እናቱ ጀሊሌ ሃኒም ዓይናቸው ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ጋላታ ድልድይ ላይ ቆመው ለልጃቸው ፊርማ አሰባሰቡ። ኦርሃን ቬሊ፣ ኦክታይ ሪፋትና መሊህ ጀቭዴት፣ ሦስቱ የዘመኑ ወጣት ገጣሚዎች፣ ሦስት ቀን አብረውት ጾሙ። በግንቦት መንግሥት በምርጫ ተለወጠ፣ በሐምሌ የምሕረት አዋጅ ወጣ። ተፈታ።

ዓመት አልሞላም፣ 49 ዓመቱ ላይ ለውትድርና ጠሩት። የልብ ሕመምተኛ ነው። ሊገድሉኝ ነው ብሎ አሰበ። በሰኔ 1951 የእህቱ ባል ሬፊክ ኤርዱራን በሞተር ጀልባ ቦስፎረስን አሻገረው። ጥቁር ባሕር ላይ የሩማንያ መርከብ አገኙና ተሳፈረ። ከኋላው ሦስት ወር ያልሞላው ልጁን ትቶ ነው። በሚቀጥለው ወር ዜግነቱን ገፈፉት።

በ1953 ኑዛዜ ግጥም ጻፈ። አናቶሊያ ውስጥ አንድ መንደር መካነ መቃብር ቅበሩኝ አለ። ከራስጌዬ ቺናር ዛፍ ካለ ድንጋይ አያሻኝም አለ። ሰኔ 3 ቀን 1963 ጠዋት ጋዜጣ ሊያነሳ ወደ በሩ ሲሄድ ወደቀ። ያገኘው ድንጋዩን ነው። ቱርክ ዜግነቱን የመለሰችለት በጥር 2009 ነው። አጽሙ ግን እዚያው ነው።

---

ዳዊት_ዲሲ | ረቡዕ ማታ 5፡45

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ልበል። አባቴ በደርግ ጊዜ ታስሯል። አጎቴ አልተመለሰም። ናዚም ኮሚኒስት ነበር፤ እነዚያ ሰዎች የሚዘምሩት መዝሙርና የሱ መዝሙር አንድ ነው። ግጥሙ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። ኮሚኒስት የሚል ቃል ሳይ ግን እጄ ገጹን አይገልጥም። ይሄ የኔ ጉድለት ነው ወይስ የሱ?

---

ሞስኮ_77 | ሐሙስ ጠዋት 1፡30

ዳዊት ልጄ፣ ጉድለት አይደለም፣ ቁስል ነው። እኔም ጓደኞች ቀብሬያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። ናዚም ያመነበትን ነገር ከቅርብ አየው። በ1957 ሞስኮ ላይ የሹመኞችን ነገር የሚተች ቴአትር አሳየ፤ ጥቂት ጊዜ ታይቶ ተዘጋ። በ1961 ስለ ስታሊን ሐውልቶች ጻፈ። የድንጋይ፣ የነሐስ፣ የጄሶ፣ የወረቀት ነበር ይላል። ከሁለት ሳንቲ ሜትር እስከ ሰባት ሜትር። ጫማው በየከተማው አደባባይ ላይ፣ ሪዙ ሾርባችን ውስጥ ሳይቀር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ተነሳን፣ የለም። ይሄን የጻፈው እዚያው አገር፣ በእንግድነት እየኖረ ነው። እምነቱን አልተወም፤ ያየውንም አልደበቀም። በኛ አገር ያን ጊዜ ይሄን ሁለቱን አንድ ላይ ያደረገ ሰው ስንት ነበር ብለህ ጠይቅ።

ለማንበብ አትገደድ። አንድ ቀን እጅህ ከሄደ ግን «ስለ መኖር» ከሚለው ጀምር። ሰባ ዓመት ሞልቶህም ወይራ ትከል ይላል። ለልጆችህ ይቀራል ብለህ አይደለም፤ ሞትን ብትፈራም ስለማታምነው ነው እንጂ።

---

ዳዊት_ዲሲ | ሐሙስ ከሰዓት 10፡20

ጋሼ አመሰግናለሁ። የወይራዋን አነበብኩ። አባቴ ከእስር ወጥቶ መጀመሪያ ያደረገው ግቢያችን ውስጥ ጽድ መትከል ነበር። ለአባቴ ደውዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ጽዱ አሁን ከጣራው በላይ ሆኗል አለኝ።

---

የሐረሩ_ታሪክ_ወዳድ | ሐሙስ ማታ 2፡15

አንድ ያገኘሁትን ልጨምር። ናዚም ምሥራቅ አፍሪካን በመጨረሻ አይቷል። በየካቲት 1963 ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ)፣ ኪሊማንጃሮ ሥር ያለችው ሞሺ ላይ የአፍሪካና እስያ ሕዝቦች ጉባዔ ነበር፤ ተገኝቷል። ከዚያ ሆኖ ለመጨረሻ ሚስቱ ለቬራ በግጥም ደብዳቤ ጻፈ። ልብ በሉ፣ በ33 ዓመቱ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ለሚስት ጻፈ። በ61 ዓመቱ ራሱን ሆኖ ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ ለሚስት ጻፈ። ከዚያ አራት ወር ነው የኖረው።

---

ሰናይት_ኢስታንቡል | ሐሙስ ማታ 3፡40

ወንድዬ፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰውስ? ከቱርክኛው እኔ በጥሬው ላውጣው፣ አንተ አማርኛውን ታሸዋለህ። የሚያስቸግረኝን ከአሁኑ ልንገርህ። አንደኛው ደብዳቤ ላይ ማየት፣ መስማት፣ ማሰብ፣ መሮጥ እያለ ይቆጥርና መኖር እንዴት ያለ ቆንጆ ነገር ነው ብሎ ይጮኻል። መሃሉ ላይ የመንደር ስድብ ይከታል፤ እናትን የሚነካ። ግን ስድቡ ለማንም አይደለም፣ ደስታው ስለሞላበት ነው ያመለጠው። በአማርኛ ምን ይባላል? ካወጣነው ግጥሙ ጨዋ ሆኖ ይሞታል።

---

ትርሲት_መ | ሐሙስ ማታ 3፡55

«ወይኔ እናቴን!» በሉት። ሰው ሲደነቅ እንደሚለው። እናትም አለችበት፣ ስድብም አይደለም።

---

ወንድዬ_6ኪሎ | ዓርብ ማታ 2፡30

የትርሲት ይግባ። ሰናይት፣ ዝግጁ ነኝ።

ትናንት ማታ የፍየሎቹን ክፍል በጥድፊያ አማርኛ አድርጌ ለእናቴ አነበብኩላት። ሰማንያ አልፏታል። ዓይኗን ጨፍና ነው የሰማችኝ። ስጨርስ ስለ አባቷ አነሳች። ከማይጨው የተመለሰው እጁ ተልጦ ነው። ከአውሮፕላን የሚወርደው መርዝ ሣሩ ላይ ያርፋል፣ ያን ሣር የበላ ከብት ይወድቃል ይላት ነበር። ሰውየው ስለ ፍየሎቹ መጻፉ ገርሟታል። «ስለ ከብቱ ማን ይጽፋል?» አለችኝ።

ከዚያ ደብዳቤው ደረሳት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተላከም፣ ክፍሉ ውስጥ ነው የተገኘው አልኳት። ዝም አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና «እንግዲያው ከመጀመሪያው አንብበው» አለችኝ።

---

ሰናይት_ኢስታንቡል | ዓርብ ማታ 3፡05

የመጀመሪያውን ደብዳቤ እሑድ እልክልሃለሁ። ለእማማ በትልልቁ አትመው።